የዋቱ ቁጥር ድምፅ አይሆንም

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አስፋልት ዳር ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ «ለቴሌቪዥን የሚሆን ደህና ድምፅ ፈልጌ ነበር» የሚል ሰው የሚቀርብለት ዕቃ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ትልቅ ካርቶን፣ በውስጡ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ የባስ ሣጥን፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ በደማቅ ቀለም የተጻፈ 5000 ዋት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር። ሻጩ ፍላሽ ይሰካል፣ ባሱን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ የሱቁ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ገዢውም «በቃ ይሄ ነው» ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። በርበሬው ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ የጥር ሰርግም ሲቃረብ፣ እንዲህ ያለው ግዢ ይበረታል።

ይህ ልማድ የገበሬውንም የመምህሩንም ገንዘብ በከንቱ እየበላ ነው። ሆም ቴአትር ማለት ብዙ ሣጥንና ብዙ ዋት ነው የሚለው እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ገንዘቡ የተመጠነና የመጀመሪያውን የቤት ድምፅ የሚያደራጅ ሰው ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ እውነተኛ አምፕሊፋየር ገዝቶ ሌላውን መተው አለበት። ይህን የምለው የአቅም ማነስን ለማጽናናት አይደለም። በዚያው ብር የተሻለ ድምፅ የሚገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ካርቶኑን ተዉትና መሣሪያውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ከዚያ ቀጥሎ 60 ዋት ወይም 80 ዋት። ዕቃው ከሶኬት የሚወስደው ጠቅላላ ኃይል ይህ ነው። 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ፣ ከፊሉ በሙቀት መልክ ባክኖ፣ ለስፒከሮቹ የሚደርሳቸው ከዚያ ያነሰ ነው። 5000 ዋት ከየት ይመጣል? እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ የሚወስደው ከ3000 እስከ 4000 ዋት ገደማ ነው፤ እሱ ሲለኮስ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ ቤት ያለ ሁሉ ያውቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፒ ኤም ፒ ኦ የሚባለው ነው፤ ለቅጽበት ብልጭ ሊል ይችላል የተባለ ኃይል የስፒከሮቹ ሁሉ ተደምሮ፣ ድምፁ ቢበላሽም ባይበላሽም፣ የሚጻፍ። ለአለካኩ ሁሉም አምራች የሚስማማበት ደንብ የለውም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገና በ1974 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለውን የቁጥር ውድድር ለመግታት፣ ለቤት የሚሆን አምፕሊፋየር ሻጭ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል በታወቀ አለካክ እንዲገልጽ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ2024ም አሻሽሎታል። እኛ ገበያ ውስጥ ግን ቁጥሩ እንደ እውነት ይነበባል፣ ዋጋም ይቆረጥበታል።

ደግሞስ ዋት ቢጨምር ምን ያህል ይጨምራል? ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ የሚለው ግን ብዙም የማይደነቅበት ልዩነት። ለጆሯችን እጥፍ ያህል ጮክ እንዲል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ከዋቱ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ስፒከሩ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ስንት ዴሲቤል ያሰማል የሚለው ነው። 90 የሚያሰማ ስፒከር በ20 ዋት የሚሠራውን፣ 84 የሚያሰማው ለመሥራት 80 ዋት ይፈልጋል። በሰከላ ገጠር፣ በግሽ ዓባይ ዙሪያ ሶላር ሰክቶ በባትሪ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ማግኘትና አለማግኘት ማለት ነው። እሱን እንኳ «ዋቱ ስንት ነው?» ብለን እንዲጠይቅ አስተምረነዋል።

ወደ ሣጥኖቹ ብዛት ልመለስ። አምስት ስፒከርና አንድ ባስ የሚለው አደራደር ከፊልም አዳራሽ የመጣ ነው፤ ዶልቢ ዲጂታል የተባለው የፊልም ድምፅ አሠራር በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባትማን ሪተርንስ በተባለው ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ፣ ከዚያም በዲቪዲ ወደ ሳሎን ወረደ። እንዲሠራ ግን ፊልሙ ራሱ ለየስፒከሩ የተለየ ድምፅ ይዞ መምጣት አለበት። እኛ የምንሰማው ምንድን ነው? በዲሽ የሚመጡት ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው የሚልኩት ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ነው። በብሉቱዝ ከስልክ የምንልከው ሙዚቃ ባለ ሁለት ነው። ሙዚቃ ቤት ሄደን ፍላሽ ላይ የምናስጭነው ኤምፒ3 ባለ ሁለት ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሐ ሬከርድስን ካቋቋመ ወዲህ በሸክላም በካሴትም የወረስነው የዘፈን ሀብት በአንድ ወይም በሁለት ቻናል የተቀረጸ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ባለ አምስት ስፒከር ዕቃዎች ደግሞ መግቢያቸው ቀይና ነጩ ጃክ ብቻ ነው፤ ከኋላ የምታስቀምጧቸው ሁለቱ ስፒከሮች ከፊት ያለውን ድምፅ ደግመው ከማሰማት የተለየ ሥራ የላቸውም። ገዢው ለአምስት ሣጥን ይከፍላል፤ የሚሰማው የሁለቱን ነው፤ እነሱም በአምስት ተከፍሎ በቀጠነ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው።

ሳሎናችንም ለዚህ አደራደር አልተሠራም። ሕጉ አድማጩ በመሐል ይቀመጥ፣ የፊቶቹ ግራና ቀኝ ወደ 30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ከጎኑ ትንሽ አልፈው ወደ 110 ዲግሪ ይሁኑ ይላል። ጎጃም ቤት ውስጥ ግን ሶፋውና መቀመጫው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ነው የሚደረደረው፤ መሐሉ ለረከቦትና ለቡና ጭስ ክፍት ነው። ይህ ሰው የሚከበርበት አቀማመጥ ነው፤ አያትም እንግዳም ፊት ለፊት ይተያያል። ስለ ስፒከር ብሎ ይህን የሚያፈርስ ቤተሰብ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ የኋላው ስፒከር ከእማማ ጆሮ አንድ ክንድ ርቆ ይሰቀላል፣ እሳቸውም የድራማውን ንግግር ትተው የሚሰሙት እሱን ብቻ ይሆናል። ፊት ለፊት ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ስፒከሮች ግን ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይደርሳሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በሰው ድምፅ ላይ የሚደርሰው በደል ነው። የአዋቂ ወንድ ንግግር መሠረቱ በሰከንድ ከ85 እስከ 180 ንዝረት ገደማ ነው። እነዚያ ጡጫ የሚያህሉ ስፒከሮች ከ150 በታች ያለውን ማውጣት ይሳናቸዋል፤ ስለዚህ የቀረውን የባስ ሣጥኑ እንዲሠራው ይደረጋል። ውጤቱን አዳምጡት፦ የዘፋኙ አፍ ከቡፌው ላይ፣ ደረቱ ከቡፌው ሥር ይመጣል። ድራማ ስታዩ ንግግሩ አልሰማ ይላችሁና ድምፁን ትጨምራላችሁ፤ ሙዚቃው ሲገባ ግድግዳው ይነቃነቃል፤ ትቀንሳላችሁ፤ ንግግሩ እንደገና ይጠፋል። ማታ ሙሉ ሪሞት ይዞ መጨመርና መቀነስ ነው።

ይህን ለመለየት ከበገና የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። በገና አሥር አውታር አለው፤ እያንዳንዱ አውታር ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚያንዛርር፣ ሆድ የሚያባባው ድምፅ የሚወጣው አውታሩ እሷን እየነካ ሲንዘር ነው። ከታች ያለው ጥልቅ ድምፅና ከላይ ያለው መንዘርዘር አንድ ላይ ካልመጡ በገናው በገና አይሆንም። በዐቢይ ጾም የተጫነ የበገና መዝሙር በባለ አምስት ሣጥኑ ስሙት፤ ከአውታር ወደ አውታር ጣት ሲሄድ ለውጡ አይታወቅም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት «ድም» ይሆናል፣ እንዚራውም እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። ያንኑ በሁለት ደህና ስፒከር ስሙት፤ እያንዳንዱ አውታር በየራሱ ስም ይጠራል፣ ደርዳሪው ሲተነፍስ ይሰማል። ቅኔና ዜማ ባለበት አገር ተወልዶ፣ ቃል የማይለይበት መሣሪያ ቤት ማስገባት ለእኔ ከገንዘብ ኪሳራ በላይ ነው።

«ሁለት ስፒከር ብቻውን ውድ ነው» የሚል ይኖራል። አዲስ ከሆነ እውነት ነው። ያገለገለ ግን አለ። በየከተማው ቴፕ ጠጋኝ ቤት ጥግ ላይ አቧራ የጠጡ፣ ከእንጨት የተሠሩ የድሮ የጃፓን ስፒከሮች ተቀምጠዋል፤ ስማቸው የሚያብረቀርቅበት ካርቶን ስለሌላቸው ማንም አያያቸውም። ሲገዙ ሊታይ የሚገባው ብዙ አይደለም። ከፊት ያለውን ጨርቅ አንሱና የስፒከሩን ጠርዝ ዙሪያውን ዳብሱ፤ ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ይፈረፈራል፣ ጎማ ከሆነ ይቆያል። ጠርዙ ብቻ ከተበላ ሊቀየር ይችላል፤ ለድርድር ይጠቅማችኋል። ከዚያ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ 1.5 ቮልት የሆነችውን፣ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር ለአፍታ አነካኩ። ስፒከሩ «ቃ» ብሎ ከተንቀሳቀሰ ጥቅሉ አልተቃጠለም። የድንጋዩ ፖዘቲቭ ከቀዩ ጋር ሲነካ ስፒከሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ስንቱን ቤት እንደምታበላሽ። አንዱ ስፒከር በትክክል፣ ሌላው ተገልብጦ ከተያያዘ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባል። ባለቤቱም «ባስ የለውም» ብሎ ሌላ የባስ ሣጥን ሊገዛ ይነሣል። ቀዩን ከቀዩ ጋር ማሰር ምንም አያስከፍልም፣ ከብዙ ሺህ ብር ዕቃ ግን ይበልጣል።

ስለ ቤቱም ጥቂት ልበል። ጭድ ባለው ጭቃ የተመረገ፣ ከላይ በአቡጀዲ ኮርኒስ የተሸፈነ፣ ሶፋና ምንጣፍ ያለው የቆየ ሳሎን ድምፅን ያረጋጋል። ብሎኬት፣ ሴራሚክና ትልቅ መስታወት ያለው አዲሱ ቤት ግን ድምፁን እየመለሰ ያስተጋባል፤ እዚያ ውስጥ ከሌላ ስፒከር ይልቅ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ይጠቅማል። ስፒከር ጥግ ውስጥ ከተወተፈ ባሱ ያብጣል፤ ከግድግዳው ትንሽ አርቁት፣ ከፍታውም ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል። ማስቀመጫውን ማንኛውም የሰፈር አናጢ ይሠራዋል። ዳንቴሉን ስፒከሩ ላይ ብትተዉት ብዙ አይጎዳም፤ ከአምፕሊፋየሩ አናት ላይ ግን አንሱት፣ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ማታ ማታ ኃይሉ የሚዋዥቅበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ለኋላ ስፒከሮች የምታወጡትን ለስታብላይዘር አውጡት።

ባለ አምስቱ ፈጽሞ አይረባም ማለቴ አይደለም። ፊልሞቹ በትክክለኛው ድምፅ ያሉት፣ ለብቻው የተለየ ክፍል ያለው፣ ገንዘቡም የማያሳስበው ሰው ይግዛ፤ ደስታውም እውነተኛ ነው። ግን እሱም ቢሆን የሚጀምረው ከፊት ሁለቱ ነው፤ መሐለኛውን፣ ባሱን፣ የኋላዎቹን ዓመት በዓመት መጨመር ይችላል። በአንድ ካርቶን የመጣው ግን አንዱ ሲበላሽ ሁሉም የሚጣል ነው፤ ስፒከሮቹ ከራሱ አምፕሊፋየር ውጭ ከሌላ ጋር እንዳይሠሩ ሆኖ ስንቱ ተሠርቷል።

ሻጮችን አልወቅስም፤ የተጠየቁትን ነው የሚያቀርቡት። ጥያቄው ይለወጥ። በዚህ ዓመት በርበሬያችሁን ሸጣችሁ ወይም ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ወደ ሱቅ የምትሄዱ ሰዎች፣ የምታውቁትን አንድ የበገና መዝሙርና አንድ ሰው የሚያወራበትን ድራማ ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ባሱን መሐል ላይ አድርጉት፣ ድምፁን ቤታችሁ በምትሰሙት ልክ ቀንሱት፣ ዓይናችሁን ከካርቶኑ አንሥታችሁ ቃሉ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ። ካልተሰማ፣ የተጻፈው ዋት ምንም ያህል ቢሆን፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።