ወንዝ ወርዶ ያልታጠበ ይፈርም!

ሰሞኑን ቴሜስካል፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡናዎን ሲጠጡ አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቀርቦዎት ከሆነ ስለ ምን እንደምጽፍ ገና ከአሁኑ ገብቶዎታል። ወረቀቱ «ሳን ፍራንሲስኮ ቤከር ቢች ላይ ራቁታቸውን የሚንጋለሉ ሰዎች ይከልከሉልን» ይላል። ከሥሩ ስምና ፊርማ ይጠይቃል። እኔም ተጠይቄ አልፈረምኩም። «አንተ መምህር የነበርከው ካልፈረምክ ማን ሊፈርም ነው?» የሚለው ወቀሳ ግን ስለከነከነኝ መልሴን በዚህ ገጽ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የሆነውን ልናገር፤ እዚያው ነበርኩና። በነሐሴ አንድ እሑድ፣ አርባ የምንሆን ሰዎች ከነልጆቻችን ለሽርሽር ወጣን። ቤከር ቢች የባሕር ዳር አሸዋ ነው። ወደ ጎልደን ጌት ድልድይ የሚጠጋው ሰሜናዊ ጫፉ ግን ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ፀሐይ የሚሞቁበት ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። ይህን ታክሲ የሚነዳ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ቦታው ሲመረጥ ግን «ማን እስከዚያ ድረስ ይሄዳል» ብዬ ትንፍሽ ሳልል ቀረሁ። ልጆቹ ኳስ ተከትለው ሄዱ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ እያለከለከች ተመልሳ «አባዬ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ልብሳቸውን ምን አደረጉት?» አለችኝ። እናቶች እየተጯጯሁ ሮጡ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ልጆቹን ሲያይ ፎጣውን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ ወደ እኛ እንዲመለሱ በእጁ አመለከታቸው። ከእኛ ወገን የወረደበት ስድብ ግን እዚህ ገጽ ላይ አይጻፍም። ስድቡ በአማርኛ ስለነበር ቃሉ አልገባውም፤ ቁጣው ግን መቼም አላመለጠውም።

እንግዲህ ወረቀቱ የተወለደው ከዚያ ቀን ነው። የተጻፈውም ለሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት ነው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። የከተማው ምክር ቤት በአደባባይ ራቁት መሄድን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ስኮት ዊነር ባቀረበው ደንብ፣ በስድስት ለአምስት ድምፅ ከልክሏል፤ ደንቡም ከየካቲት 2013 ጀምሮ ይሠራል። ቤከር ቢች ግን በ1972 የተቋቋመው የጎልደን ጌት ብሔራዊ መዝናኛ ሥፍራ ክፍል ነው። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የከተማው ደንብ እዚያ አይደርስም። ፊርማችንን ይዘን የማይመለከተውን ደጅ ልናንኳኳ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «ሕጉ እያለ ዝም ተባለ» የሚለው ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972፣ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ጭር ባለ የባሕር ዳርቻ ራቁቱን ፀሐይ ሲሞቅ የተያዘ ሰው ጉዳይ ቀርቦለት፣ የዝሙት ሐሳብ ሳይኖር መራቆት ብቻውን የብልግና ወንጀል እንደማይሆን ወስኗል። በሰው ፊት የብልግና ሥራ የሚሠራ ካለ ፖሊስ ይጠራ፤ የመጀመሪያው ደዋይ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ግን ባለጌውንና ፎጣውን ጣል ያደረገውን ሽማግሌ አንድ ላይ ጠቅልሎ ይከሳል።

ደግሞስ ክልከላ ምን ያመጣል? እዚያው ሳን ዲዬጎ፣ ብላክስ ቢች የሚባለውን ይመልከቱ። ከተማው በ1974 ዕርቃን ለሚሆኑ ሰዎች ክልል ከለለ፤ ሕዝቡ በ1977 በድምፁ ሻረው። ይሁን እንጂ የዚያው አሸዋ ሰሜናዊ ክፍል የግዛቱ ፓርክ ስለሆነ ራቁት መታጠቡ እዚያ ቀጠለ። ሰዎቹ አልለበሱም፤ ማዕበል የሚያጥበውን ድንበር ተሻግረው ተቀመጡ እንጂ። በ1979 ደግሞ የካሊፎርኒያ ፓርኮች ኃላፊ የነበሩት ራስል ካሂል፣ አቤት ባይ እስካልመጣ ድረስ ራቁት የሆነ ሰው እንዳይከሰስ፣ አቤት ባይ ሲመጣም መጀመሪያ «ልበስ» እንዲባል መመሪያ አወጡ። ይህ መመሪያ ሳን ኦኖፍሬ በሚባለው ፓርክ በ2008 ሲነሳ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2009 ይግባኝ ሰሚው ለፓርኮቹ መሥሪያ ቤት ፈረደ። የእኛን ወረቀት የሚያዞሩት ወንድሞች ይህን ድል ሊጠቅሱት ይችላሉ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰውን ከሰው ሳያጋጭ ያኖረውን «ሲቸገሩብህ ልበስ» የሚለውን ደንብ አስበልጣለሁ። ለምን ቢሉ፣ ያደግሁበት ደንብ እሱ ራሱ ነውና።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ የት አደጉ? እኔ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ጨሞጋ ወንዝ እየወረድኩ ነው ያደግሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶች ከላይ በኩል፣ ሴቶች ከታች ከመታጠፊያው ወዲያ ይታጠቡ ነበር። ልብስ ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ራቁትን ድንጋይ ላይ ፀሐይ መሞቅ ነው፤ ሌላ ቅያሪ ማን ነበረው? የተተከለ ምልክት፣ የቆመ ዘበኛ አልነበረም። ውሃ ሊቀዳ የሚወርድ ሰው ከዳገቱ አናት ሆኖ ይስላል፤ የሚታጠበውም ሳሉን ሰምቶ ጋቢውን ይስባል፣ ወይም ውሃው ውስጥ ዝቅ ይላል። በቃ። ነውሩ መራቆቱ አልነበረም፤ ሳይስሉ መድረሱ ነበር። ጸበሉም ቢሆን ለወንድ ለብቻ፣ ለሴት ለብቻ እየተከለለ እንጂ ሰው ከነካፖርታው አልተጠመቀም። ባህላችን ዕርቃንን የያዘው በእገዳ ሳይሆን በቦታና በሳል ነው።

የምንኖርበትን ሰፈር ስምስ ጠይቀው ያውቃሉ? ቴሜስካል የሚለው ቃል ከሜክሲኮ የናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የላብ ቤት ማለት ነው። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ኦሎኒዎች ልብሳቸውን አውልቀው፣ እሳት አንድደው የሚያልቡበት ጎጆ እዚህ ወንዝ ዳር ስለነበረ ነው ስሙ የቀረው ይባላል። የስፔን ሚሲዮናውያን መጥተው መራቆታቸውን ነውር አሉት፤ ልብስ አለበሷቸው፣ መሬታቸውንም ወሰዱት። ዛሬ እኛ በላብ ቤት ስም በተጠራ ሰፈር ተቀምጠን፣ ከእኛ በፊት የነበረን ሰው «ልበስ» ብለን እንፈርማለን!

«ልጆቻችንስ?» ይሉኛል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ እኔም ልጅ አለኝ። ልጅን ካላሰበችው ነገር መጠበቅ ግን የወላጅ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ያልሠራሁት እኔ ነኝ። ያወቅሁትን ባለመናገሬ የመጣውን ኀፍረት በሽማግሌው ላይ አራግፌ በፊርማ ልሸሸው አልችልም።

በመጨረሻ ለሁላችንም የሚያሰጋውን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤት ለቤት አከራዬ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቡና ስንቆላና ዕጣን ስናጨስ ጭሱ አስቸገረኝ ብሎ። ጭሱ እውነትም ደርሶበታል። «ይከልከሉ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቡናችን አብቅቶለት ነበር። እሱ ግን መስኮት ከፍተን፣ ሰዓት ለይተን እንድናደርገው ጠየቀ፤ ተስማማን፤ አሁን ሦስተኛውን ሲኒ አብሮን ይጠጣል። ነገ በሌሊት ማኅሌት ከበሮ ሲመታ፣ በበዓል መንገድ ሞልተን ስናልፍ የሚሰለች ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የምንለምነው «ቦታና ሰዓት ይወሰንልን እንጂ አትከልክሉን» ብለን ነው። ዛሬ ለሌላው የነፈግነውን ነገ በየትኛው አፋችን እንጠይቃለን? አስተማሪ ሳለሁ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሳስተምር መቻቻል የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ በጠመኔ ጽፌዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ቀላል ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወረቀቱ ይቀደድ። በምትኩ ለብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር አንድ ጨዋ ደብዳቤ እንጻፍ፤ ቤተሰብ እስከየት፣ ዕርቃን ከየት እንደሚጀምር ለእንግዳ ሰው ግልጽ ይደረግ ብለን። ለሚቀጥለው ሽርሽር አስቀድሞ ቦታውን የሚያይ ሰው ይላክ፤ እኔ ያለ ክፍያ በታክሲዬ እሄዳለሁ። ያን ሽማግሌ ካገኘሁት ደግሞ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ለልጄ የሰጠኋት መልስ «ያ የእነሱ ወንዝ ነው፤ እኛ ሳንስል ደረስን» የሚል ነበር። ገብቷታል። እንፈርም ለሚሉት ወገኖቼም የምለው ይኸው ነው። በሕይወቱ ወንዝ ወርዶ ራቁቱን ያልታጠበ ካለ እስክሪብቶው ይኸውለት፤ እሱ ይፈርም።

ቸር ይግጠመን።

አንድ የታክሲ ነጂ፣ የቀድሞ መምህር
ከቴሜስካል