እኩልነት በጽሑፍ ይስፈር

በኩባንያዎች የሥራ አመራር ዘንድ «ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት» የሚል መርሕ ከባሕር ማዶ ገብቶ መነገር ከጀመረ ሰንብቷል። በየአዳራሹ ሥልጠና ይሰጥበታል፤ በየግድግዳው መፈክሩ ይለጠፋል። (ስለ ሥልጠናው አበል ብዙ ባይባል ይሻላል።) መርሑ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሠርቶ አደሩ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ግን፣ ይህ እኩልነት የአሠሪው ስጦታ ነው ወይስ የሠራተኛው መብት? የሚለው ነው።

መርሑ የመጣበትን አገር እንመልከት። በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ መራራ ትግል እ.ኤ.አ. በ1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ አስገኘ። በ1965 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው ኩባንያዎች በቅጥር አድልዎ እንዳይፈጽሙ የሚያስገድድ ትእዛዝ አወጡ። ይኸው ትእዛዝ ስልሳ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በጃንዋሪ 2025 በሌላ ፕሬዚዳንት ፊርማ ተሻረ። ትናንት ስለ አካታችነት ሲሰብኩ የነበሩ ታላላቅ ኩባንያዎችም መርሐ ግብራቸውን ለማጠፍ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በምክር ቤት የጸደቀውን የ1964ቱን ሕግ ግን ያ ፊርማ ሊሽረው አልቻለም። በበላይ መልካም ፈቃድ የተሰጠ በበላይ ፈቃድ ይነሣል።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ሆኖም አዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ የመሬቱን ሥሪት አልነካም፤ በመሆኑም ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ማለት አልቀረም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከዚህ ርቆ ሄደ፤ በጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ድልድሉ የተካሄደው ግን ባመዛኙ በአባወራው ስም ነበር። ሚስት መብቷ ታወጀላት እንጂ ስሟ በመዝገብ አልሰፈረም። በአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 133 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ሲደነግግ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ዛሬ በአነደድ ወረዳ ከተማ በአምበር ዙሪያ ያለች ገበሬ ክርክር ቢነሣባት ይዛ የምትቀርበው ማስረጃ አላት።

የዚህችው ገበሬ ልጅ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ወርዳ በግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛ ስትሆን የምትይዘው ምንድን ነው? አሸዋውን በባሬላ ከወንዱ ጋር እኩል ታነሣለች፤ ሒሳቡ ሲከፈል ግን እኩል ላይሆን ይችላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሴት ሠራተኞች ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርጓል። አካል ጉዳተኛ በቅጥር እንዳይገፋም አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይደነግጋል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የሚጎድለው ልጅቱ በእጇ የምትይዘው ወረቀት ነው።

ለዚህም መንገዱ ተከፍቷል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያስገድደዋል። ይህን ወረቀት ስንቱ የቀን ሠራተኛ ጠይቋል? ማኅበር ባለበት ድርጅት ደግሞ ደመወዝና የሥራ ዕድገት ያለ አድልዎ እንዲሰጥ በኅብረት ስምምነት ማስፈር ይቻላል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢለወጥ ስምምነቱ ከእርሱ ጋር አይለወጥም።

በአምበር፣ በቢቸናና በሞጣ ታላላቅ ፋብሪካዎች የሉም፣ ነገሩ እኛን አይመለከትም የሚሉ ይኖራሉ። ተሳስተዋል። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። ከአሥር በታች ሠራተኛ ያሏቸው ወፍጮ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና ጋራዦችም ሠራተኞቻቸው ተሰባስበው አሥር ከሞሉ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲመሠርቱ ሕጉ ይፈቅዳል። የቀበሌው ነዋሪ ስብሰባ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ እነዚህ ሠራተኞች በስም ተጠርተው ይቁጠሩ፤ የሆቴል አስተናጋጇና እንጀራ ጋጋሪዋም ሳይዘነጉ።