ዱላ ውሻን አይገራም

«ውሻ አለቃውን ካላወቀ ሰው ይነክሳል።» ጎንደር ከተማ በግቢው ውሻ ያሠረ ሁሉ ይህን ይላል፤ ደባርቅና ዳባት ያለ እረኛም ይደግመዋል። ስለዚህ ቡችላው ገና ጥርስ ሳያወጣ ዱላ ይቀምሳል። ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ስህተቱንም ዓለም በቴሌቪዥን እያየ አጨብጭቦለታል።

ያስጨበጨበው በውሻ አሠልጣኝነት የታወቀው ሴዛር ሚላን ነው። ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በናሽናል ጂኦግራፊክ ቻናሎች ቁጡ ውሾችን በደቂቃዎች «ሲያረጋጋ» ታየ፤ መገናኛ ብዙኃኑም የውሻን ልብ የሚያነብ ጠቢብ አድርገው አወደሱት። ውሻው ጸጥ ካለ ተገራ ማለት ነው ብለው አመኑ። በፍርሃት የደነዘዘ ውሻም ጸጥ ይላል።

በ2012 የቀረበውን የሆሊን ታሪክ ልብ ብላችሁ እዩት። ሆሊ ላብራዶር ናት፤ ጥፋቷ ስትበላ የሚጠጋትን ሰው መቆጣቷ ነው። ሚላን ሳህኗ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ስትቆጣ አንገቷን በእጁ መታት። ጥርሷን አሳየችው፤ አልራቀም። ምግቧን ጥላለት ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ተከትሎ ፊቷ ላይ ቆመ። ከንፈሯን ላሰች፣ ፊቷን አዞረች፤ ውሻ «ተወኝ» የሚለው እንዲህ ነው። እጁን ሲያስጠጋባት ግን ነከሰችው፤ እጁም ደማ። ብዙ ተመልካች ክፋቱን የሆሊ አደረገው። እኔ የማየው ደጋግማ ለምና ሰሚ ያጣች እንስሳ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ያስተዉት እንደሆነ ፍርሃቱ እዚያው ይቀራል፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ በሌላ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። መፍትሔው ከባድ አልነበረም፦ ከሩቅ ሆኖ ከሳህኑ የሚሻል ቁራጭ ሥጋ መወርወር፣ ቀን በቀን ትንሽ እየተጠጉ መደጋገም። የሚመጣው እጅ የሚሰጥ እንጂ የሚነጥቅ እንዳልሆነ ውሻው ይማራል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ይህን አውቀውታል።

ከዱላው ጀርባ ያለው «የመንጋ አለቃ» የሚለው ሐሳብ የተነሣው ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 ካሳተመው፣ ባዝል መካነ እንስሳት ውስጥ በታጎሩ ተኩላዎች ላይ ከሠራው ጥናት ነው። በ1970 መጽሐፉ ያስፋፋው ዴቪድ ሜክም በ1999 አረመው፦ ዱር ያለ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው። የስሜንን ቀይ ቀበሮም ተመልከቱ። በቤተሰብ ይኖራል፤ እርግጥ ደረጃ አለው፣ በአብዛኛው የምትወልደውም አንዲቷ የበላይ ሴት ናት። ሌሎቹ ግን ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፣ የበሉትን ተፍተው ግልገሎቿን ያበላሉ። በ2009 የታተመ የፔንሲልቬንያ ጥናትም መምታት፣ መርገጥና በጀርባ ማስተኛት ከተሞከረባቸው ውሾች ቢያንስ ሩቡን ለቁጣ እንዳነሣሣ አሳይቷል።

ሚላን ሊገደሉ የነበሩ ውሾችን አትርፏል ይሉኛል። ይሁን። ውሻን በየቀኑ ማንሸራሸር ይገባል ማለቱም ልክ ነው፤ ለዚያ ግን ዱላ አያስፈልግም። የደጋ በግ ጠባቂ ውሻ ጨካኝ መሆን አለበት ለሚሉም፣ ጅብን የሚጋፈጠው ጌታውን የሚፈራው ሳይሆን የሚያምነው ውሻ ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይከብዳል፤ በንክሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። የሚያጉረመርም ውሻ ያየ ልጅ ይሸሻል፤ ማጉረምረም ያስተዉት ውሻ ግን ለልጁ ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህ በዱላ የሚገራን ሰው አሠልጣኝ ብላችሁ አታወድሱ። ውሻችሁን አስከትቡ። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠቡለትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።