ጫማ ሰፊው ያየው

ባለፈው ወር የእናቴን ጫማ ሶል ለማስቀየር ሰፈራችን ወዳለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ገልበጥ አድርጎ አየና «የቀኙ ተረከዝ አልቋል፤ የግራው ግን ገና ነው። እማማ ያነክሳሉ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ በጭራሽ!» ልለው ስል አፌ ተያዘ። አንድ ቤት እየኖርን አስተውዬ አላውቅም ነበርና።

ማታ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ዓይኔን ጨፍኜ ኮቴዋን አዳመጥኩ። እኩል አይደለም፤ አንዱ እርምጃ ዘግየት፣ አንዱ ቶሎ ይላል። ስጠይቃት «እርጅና ነው ልጄ፣ ምን ይደረጋል» ብላ አለፈችው። ሐኪም ግን የግራ ጉልበቷ መገጣጠሚያ መጎዳቱን ነገረን። ሕመሙን ሽሽት ክብደቷን በቀኝ እግሯ ላይ ትጥል ኖሯል። ምርኩዟንም የምትይዘው በዚያው በታመመው እግር በኩል፣ በግራ እጇ ነበር። ለካ ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው በተለመደ ፍጥነቱ ሲራመድ እያንዳንዱ እግር ከጊዜው 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ አየር ላይ ያሳልፋል። የሚያመው እግር ግን መሬት ላይ መቆየት አይወድም፤ ቶሎ ይነሳል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን የለካው በጫማ ሶል ውስጥ አየር የያዘ ክፍል አበጅቶ ነው። ዛሬ በካሜራና ግፊት በሚለካ ምንጣፍ ይሠራል። ለቤታችን ግን ዓይን፣ ጆሮና ሰዓት አያንሱም።

የሁለቱን ጫማ ተረከዝ አስተያዩ። እግር አርጥባችሁ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ተራመዱና የግራና የቀኝ እርምጃውን ርዝመት በሜትር ለኩ። አረጋውያን ደግሞ 4 ሜትር በተለመደው አካሄዳቸው ይሂዱ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው ለሐኪም መንገር ይገባል።

በእርግጥ ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነ ሰው የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደው የግራ ክንዱ አያያዝ ዓለምን ሲያሸንፍም አብሮት ነበር። ሊያሳስበን የሚገባው አዲስ የመጣ ወይም እየባሰ የሄደ ልዩነት ነው።

ለሕፃናትም ያው ነው። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ እግሩን ከፈት አድርጎ ቢንገዳገድ የወጉ ነው። 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ወይም ሳያመውም ቢሆን ካነከሰ ግን ይታይ። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያለ ሕመም በማንከስ ብቻ ሊታይ ይችላል። ትኩሳት ያለው ልጅ ካነከሰ ወይም አልቆምም ካለ፣ ወጌሻ ጋ ሳይሆን በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ውሰዱት። አዋቂ ሰው በድንገት አንድ እግሩን ከጎተተ፣ በተለይ እጁ ከዛለ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃ እንኳ አታባክኑ።

እናቴ አሁን ምርኩዟን በቀኝ እጇ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋትም ወንበር ላይ ተቀምጣ የታዘዘላትን የጉልበት እንቅስቃሴ ትሠራለች። ገበያም ብቻዋን መሄድ ጀምራለች። እኔ ግን «እርጅና ነው» የምትለዋን ቃል ከዚህ በኋላ በቀላሉ አልቀበልም።