ጎደሬውን ካልወሰድሽ ቅቤውን አልሸጥልሽም!

ቤሌ ገበያ ቅቤ ልትገዛ የወጣች እናት፣ ሻጯ «ጎደሬውን አብረሽ ካልወሰድሽ ቅቤውን አልሸጥልሽም» ብትላት ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? ልክ ልኳን ነግራት ወደ ቀጣዩዋ ቅቤ ሻጭ ትሄዳለች። ገበያ ማለት ይኼው ነው። ስኳርና ዘይት በሚጠፋበት ሰሞን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለሱቁ «ሳሙናም ካልጨመርሽ ስኳር የለም» ይላል፤ እኛም እያጉረመረምን እንገዛለን። ሌላ ቦታ የለማ!

የሶፍትዌር ገበያ ዓመቱን ሙሉ ስኳር የጠፋበት ሰሞን ነው።

ማስረጃ ካላችሁ እነሆ። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ማይክሮሶፍት ዎርድንና ኤክሴልን የያዘውን የግለሰብ ጥቅል ወርኃዊ ክፍያ በአሜሪካ ከ6.99 ዶላር ወደ 9.99 ዶላር ከፍ አደረገው። ምክንያት? «ኮፓይለት» የሚባለውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት ጨምሬበታለሁ ነው። ማን ጨምሩልን አለ? ኮፓይለት የሌለበት፣ በድሮው ዋጋ የሚሸጥ «ክላሲክ» የተባለ አማራጭ ነበረ። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ኩባንያውን ሲከስ ያነሳው ነጥብ ይህንኑ ነው፦ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ደንበኞች የተነገራቸው «ወይ ጨምራችሁ ክፈሉ፣ ወይ ሰርዙ» የሚል ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው መንገድ ብቅ የሚለው መሰረዝ ለጀመረ ሰው ብቻ ነው። ከክሱ በኋላ በዚያው ወር ኩባንያው ደንበኞቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ ድሮው ጥቅል ለሚመለሱም ገንዘብ እመልሳለሁ አለ።

ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቢም ከዚህ አይሻልም። በ2005 ዓ.ም. «አንዴ ገዝቶ መጠቀም ከእንግዲህ አበቃ፣ በየወሩ ክፈሉ» ብሎ አወጀ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ደንበኞች ውል ሲያቋርጡ የሚጠየቁትን ክፍያ ደብቋል ብሎ ከሰሰው። በዓመቱ ደግሞ ሙሉ ጥቅሉን ስሙን ቀይሮ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጨምሮበት፣ በሰሜን አሜሪካ ከ59.99 ወደ 69.99 ዶላር አወጣው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን? ክራክ አለ አይደል?» የምትሉኝ አትጠፉም። ቆይ፣ መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር እስከተወሰነበት ዕለት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የድሮው 6.99 ዶላር ያኔ 400 ብር ገደማ ማለት ነው። ጥር 2017 ላይ ዶላሩ 125 ብር አካባቢ ደርሶ ስለነበር አዲሱ 9.99 ዶላር ወደ 1,250 ብር ይጠጋል። አሜሪካዊው 43 በመቶ ሲጨመርበት እኛ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ላገኘ ሰው!

ክራኩስ? ክራክ ከቫይረስ ጋር ይመጣል፤ የጽሕፈት ቤቱ ፍላሽ የደንበኛውን ፍላሽ ይበክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅም ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን አዳዲሶቹ አገልግሎቶች የሚሠሩት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ እዚያ ያለውን በፍላሽ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። ዛሬ ቤሌ ውስጥ ተቀምጦ ዲዛይን ወይም ቪዲዮ ኤዲት እየሠራ ለውጭ ደንበኛ ልሽጥ የሚል ወጣት ሁለት በር ነው ያለው፦ የማይችለው ኪራይ ወይም ስርቆት። በሐቅ ልሥራ ያለውን ልጅ የምንቀጣበት ገበያ ጤነኛ አይደለም።

ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው። ማይክሮሶፍት ይህን ጥቅል 12 ዓመት ሳልጨምርበት ቆይቻለሁ ይላል። እውነት ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠራትም ብዙ ገንዘብ ይበላል። እሺ፣ ለፈለገው ሰው ለብቻው ይሸጥለት! እኔ የምቃወመው ዋጋ መጨመሩን ብቻ አይደለም፤ ያልተጠየቀ ዕቃ ዘንቢል ውስጥ ከትቶ ሒሳብ መጠየቁን ነው።

ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የምትከፍሉ ካላችሁ ዋጋ ሲጨምርባችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት «ሰርዝ» የሚለውን ተጭናችሁ እዩ፤ ርካሹ አማራጭ እዚያ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሊብሬኦፊስን ሞክሩት። ነጻ ነው፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ የግዕዝ ፊደልም ይጽፋል። ወላይትኛማ በላቲን ስለሚጻፍ ጭራሽ ችግር የለበትም። ትምህርት ቤቶቻችንና ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ «ኮምፒውተር» ሲያስተምሩ የአንድ ኩባንያን ዕቃ ብቻ ካስተማሩ ነገ የሚከራየውን ደንበኛ ዛሬ በነጻ እያሰለጠኑለት ነው።

ሦስተኛ፣ መንግሥት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ መብት ሱቅ በር ላይ የሚያበቃ መሆን የለበትም፤ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ለሚሸጥም አገልግሎት ይሥራ። አውስትራሊያ ጠይቃ ይቅርታ አገኘች። እኛ ገና አልጠየቅንም።