ስለ ኩሽናችን ቅባትና ስለ ቦዩ የምንለው አለን



በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ የኩሽና እጣቢና ቅባት ወደ መንገዱ ቦይ የሚደፋ ቤት በገንዘብ ይቀጣ የሚል እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞች በቅን ልቡና እንዳመጡት አንጠራጠርም። ሆኖም እኛ አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ደግሞ፣ በስብሰባው ላይ ጩኸት ስለሚበዛ፣ አስቀድመን በዚህ ሰሌዳ ላይ መጻፉን መርጠናል።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ክረምት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከፈረስ መጋላ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ዝናብ ቦዩ ተደፍኖ ስለጠበቀው ሽቅብ ተመልሶ ከታች ያሉትን ሦስት ቤቶች አጥለቀለቀ። የአንደኛው ቤት እህል እንዳለ በሰበሰ። ወጣቶቻችን ሌሊቱን በአካፋ ሲቆፍሩ ያወጡት ግን አፈርና ፌስታል ብቻ አልነበረም። እንደ ሞራ የረጋ፣ ነጣ ያለ፣ የሚገማ ነገር ነበረበት። አንዲት እናታችን ጠጋ ብለው አይተው “ይሄ እኮ የራሳችን የሳምቡሳ ዘይት ነው” አሉ። ያን ሌሊት ተሳቀ። በማግስቱ ግን የታችኞቹ የላይኞቹን፣ የላይኞቹ ደግሞ ጎረቤታቸውን መወንጀል ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታ ያቋረጡ አሉ። እኛን የሚያሳስበን ከቦዩ ይልቅ ይኼኛው ነው።

እናታችን ያሉት እውነት ነው። አሁን በየቤታችን የሚገባው የሚረጋው ዘይት፣ ፓልም የምንለው፣ ትኩስ ሲሆን እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ማታ በሙቅ ውኃ አጥበን የደፋነው ቅባት እደጃችን ላይ ፈሳሽ ነው፣ ሃያ እርምጃ ርቆ ሲሄድ ድንጋይ ላይ ይጋገራል። “በሙቅ ውኃ ነው የደፋሁት” የሚል ሰው ታዲያ ቅባቱን ከራሱ ደጅ ወደ ጎረቤቱ ደጅ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን 2017 ዓ.ም. ለንደን ከተማ ከመሬት በታች በቆሻሻ መውረጃው ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን የረጋ ቅባት ተገኝቶ፣ ቆፍሮ ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቷል። እነሱ መሣሪያ አላቸው። እኛ ያለን አካፋ ነው።

ወደ ኩሽናው እንግባ። ዘይት ሲግል በዓይን የማይታይ ጠብታ እየሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ይነሳና ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ የአምፖሉ ገመድ ላይ፣ የበርበሬው ጣሳ ላይ ያርፋል። የከሰሉ ጥላሸትና የመንገዱ አቧራ ደግሞ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ሲሰነብት ከአየር ጋር እየተዋሐደ እንደ ቀለም ይደርቃል። ያን ጊዜ ሳሙናም አይበግረውም። በዕለቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ የነበረው ከስድስት ወር በኋላ በቢላ ይፋቃል። በረሮና አይጥ የሚራቡትም እዚያው ነው።

የሌላውን ከማውራት የራሳችንን እንናገር። ዓምና ለበዓል ብለን እኛም ኩሽናችንን ኖራ ቀባን። ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ ሳናጥብ ነበር፣ ቸኩለን። ሁለት ወር ሳይሞላ ቡናማው ቅባት ኖራውን አልፎ ወጣ፤ ከዚያም ኖራው እንደ ቆዳ ተላጠ። ገንዘቡም ጉልበቱም ባከነ። ኖራ ቅባት ላይ አይዝም፣ መጀመሪያ መታጠብ አለበት። ይህን ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፣ ግን አላወቅንም።

እንግዲህ ከእናቶች ጠይቀንና ራሳችን ሞክረን ያገኘነው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት፣ ድስቱና መጥበሻው ውኃ ከመንካቱ በፊት ለብ እያለ በአሮጌ ወረቀት ወይም በደረቅ አመድ ይጠረግ። ቅባቱ ከአመዱ ጋር ወደ ቆሻሻው ዕቃ ይሄዳል እንጂ ወደ ቦይ አይሄድም። ውኃ የለም የምትሉም ይኼን ስሙ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረቀ ወዲህ ሐረር ስለ ጄሪካን የማታውቀው ነገር የለም። አስቀድሞ የተጠረገ ድስት ግማሹን ውኃ እንኳ አይጠይቅም።

አመድን የናቁ ልጆቻችን አሉ። አመድ ግን ተራ አቧራ አይደለም። በውኃ ሲርስ ቅባቱን የሚበላ ኃይል አለው፣ ከቅባቱ ጋር ተዋሕዶ ራሱ ሳሙና መሆን ይጀምራል። የድሮ እናቶች ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። የአልሙኒየም ድስት ላይ ብቻ ቶሎ ይለቅለቅ፣ ሲቆይ ያጠቁረዋል። እንዶድም ጥሩ ነው፤ ሆኖም እጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ። በአውሮፓውያን 1964 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ሞተው ያገኟቸው ቀንድ አውጣዎች የሞቱት በዚሁ በእንዶድ አረፋ ነበር፤ ለቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ ቢጠቅምም ዓሣንም ይገድላል።

ለደረቀው ቅባት በሙቅ ውኃ ላርጎ ወይም ኦሞ በጥብጦ፣ ጨርቅ ነክሮ፣ ጨርቁን እላዩ ላይ ለጥፎ ሩብ ሰዓት መተው ነው። ጉልበት ከመጨረስ መታገስ ይሻላል። ከዚያ በቃጫ መፈግፈግ። በረኪናን ግን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር የሚደባልቅ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ኩሽናዎቻችን ጠባብ ናቸው፣ አንዳንዶቹ መስኮት እንኳ የላቸውም። በረኪና ደግሞ ለቅባት ብዙም አይረዳም።

መከላከሉ ከማጽዳቱ ይቀላል። ቁሌት ሲቁላላና ሳምቡሳ ሲጠበስ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መክደን፣ ዘይቱ እስኪጨስ አለማጋል፣ ማታ ከመተኛት በፊት የምድጃውን ዙሪያ አንዴ በጨርቅ ማበስ። የተጠበሰበትን ዘይት አጥልሎ አንድ ሁለት ጊዜ መጠቀም ያለ ነው፤ ከጠቆረና ከወፈረ በኋላ ግን የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ ለሆድም አይሆንም። እሳት ከተነሳበት ውኃ እንዳታፈሱበት። እሳቱ ጣሪያ ይደርሳል። ክዳን ወይም አክንባሎ ደፍቶ አየር ማሳጣት ነው። ጀጎል ውስጥ ቤት ከቤት ተደጋግፎ ስለቆመ የአንዱ ኩሽና እሳት የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ማኅበሩ ትላልቅ ድስቶች አንድ ነገር ብናነሳ ቅር አይበላችሁ። ለሠርግም ለሐዘንም ይወሰዳሉ፤ ሲመለሱ ውስጣቸው ያብረቀርቃል፣ ቂጣቸው ግን ሁለት ጣት ጥቀርሻ ይዞ ይመጣል። ከመጣዳቸው በፊት ቂጣቸውን በሳሙና ወይም በጭቃ ብትቀቡት ጥቀርሻው በአንድ ለቅለቅታ ይለቃል።

አሁን ወደ ቅጣቱ። የማንስማማው ለዚህ ነው። ወደ ቦይ አትድፉ ማለት ቀላል ነው፤ የት እንድፋ ለሚለው ግን ማኅበሩ እስካሁን መልስ አላዘጋጀም። መልስ በሌለበት ቅጣት ቢጣል ሰው መድፋቱን አይተውም፣ በጨለማ ይደፋል። ማን ደፋ የሚለውን ለማወቅም ጎረቤት ጎረቤቱን መሰለል ይጀምራል። የሚቀጣውስ ማን ነው? በረመዳን ሳምቡሳ ጠብሳ የምታድር እናት፣ ለፋሲካ ዶሮ የምትሠራ እህት፣ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። የበላነው ሁላችን ነን። ቅጣቱን ያቀረብን ወንዶች ከመሃላችን መጥበሻ አጥቦ የሚያውቅ ስንት እንደሆነ እጅ አውጥተን እንቆጠር ብንል ስብሰባው ቶሎ ያልቃል።

በከተማችን አጥንቱን ጅብ ይወስድልናል። እንግዶች ይህን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። እኛም በአሹራ ገንፎ በቅቤ አቅርበን እናከብረዋለን። ቦይ ውስጥ የረጋ ዘይት የሚወስድ ጅብ ግን አልተፈጠረም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ፣ ሹዋሊድም በ2016 ዓ.ም. ሲከተል ደስ ብሎናል። ለእንግዳ ሲባል ግንቡን መጥረግ ብቻ ሳይሆን ከግንቡ ሥር የሚያልፈውም ነገር ይታሰብ።

ስለዚህ የኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ሁለት ቦታ ክዳን ያለው በርሜል ይቀመጥ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከበሩ አጠገብ። ያገለገለ ዘይት በጣሳ እየተጠራቀመ ሲቀዘቅዝ እዚያ ይጨመር። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ከተገኙ ይውሰዱት፤ ካልተገኙ በአመድና በሰጋቱራ ተለውሶ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይሂድ። በርሜሉን የማጽዳቱ ተራ ከአባወራዎች ይጀመር፤ ስም ዝርዝሩን እኛ እናዘጋጃለን፣ የጸሐፊው ስም መጀመሪያ ይሰፍራል። ቦዩም ክረምት ከመግባቱ በፊት በጋራ አንድ ቀን ይጠረግ። አንድ ዓመት ይህን ሞክረን ካልሆነ፣ ስለ ቅጣት ያን ጊዜ እንነጋገር።

ለበርሜሉ ሁለት ሰዎች ቃል ገብተውልናል፣ ክዳን ግን የላቸውም። ቆርቆሮ ያለው ወይም መበየድ የሚችል ሰው ካለ ከስብሰባው በፊት ለጸሐፊው ይንገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ