ልጁ አልዘመተም

ስለ ጦር ሠራዊት ወሬ በተነሣ ቁጥር ካፌያችን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጠረጴዛ «ጀግና!» ይላል፤ ሌላው ጠረጴዛ «ገዳይ!» ይላል። ክርክሩ ሻዩ እስኪበርድ ይቀጥላል። እኛም በክርክሩ ውስጥ አቋም አለን፤ ዛሬ ግን እሱን አናነሣም። ዛሬ የምናነሣው ጀግናም ገዳይም ስላልሆነ፣ ጠመንጃ ስላልጨበጠ፣ ፈቃዱንም ማንም ስላልጠየቀው ሰው ነው። የወታደር ልጅ ይባላል። በየትምህርት ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ አለ። እዚሁ ከኛ ጋር በዶርም አልጋም ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የአባቱን ሥራ ሲጠይቁት «የመንግሥት ሠራተኛ» ብሎ ያልፋል። ለምን እንደሚያልፍ እናውቃለን።

ክሳችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። በዚህች አገር እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ወታደር ልጅ ያቅፋል፤ የቀደመውን መንግሥት ወታደር ልጅ ይጥላል። ተራው ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ልጁ የሚታሰበው የአሸናፊ ልጅ እስከሆነ ድረስ ነው። ይህ ድጋፍ አይባልም፤ ለአባትየው የሚከፈል ጉርሻ ነው።

በወሬ ሳይሆን በታሪክ እንነጋገር። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። በየካቲት 1970 በካራማራ ድል ጅጅጋ እስክትመለስ ድረስ ስንት ቤት ያለ አባት ቀረ! ደርግ በዚያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ሰብስቦ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቋመ፤ ሌሎች ብዙዎችን ደግሞ ባሕር አሻግሮ ኩባ ላከ፤ በዚያም በወጣቶች ደሴት ትምህርት ቤቶች ተማሩ። እውነቱን እንናገር፤ ነገሩ ፉከራ ብቻ አልነበረም። አልጋ ነበረው፤ ምግብ ነበረው፤ አስተማሪ ነበረው። ደርግን እየጠላን ይህን መመስከር አያቅተንም።

ግን አምባው የቆመው በልጁ መብት ላይ ነበር ወይስ በመንግሥቱ ዕድሜ ላይ? መልሱን 1983 ሰጠ። መንግሥቱ ሲወድቅ አምባውም አብሮ ወደቀ፤ ዛሬ ቦታው የግብርና ኮሌጅ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው ሠራዊት ተበተነ። ከካምፕ የወጣው ቤተሰብ፣ ከኤርትራ ከነልጆቹ የተባረረው ቤተሰብ በየመንገዱና በየመጠለያው ቀረ። ትናንት «የጀግና ልጅ» ተብሎ የተጨበጨበለት ሕፃን በማግስቱ «የደርግ ወታደር ልጅ» ሆነ። ምን ተለወጠ? ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ደብተሩም ያው ደብተር ነው። የተለወጠው ቤተ መንግሥቱ ብቻ ነው!

የሚያስቀው (የሚያስለቅሰው ብንል ይሻላል) ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ 14 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የዚህ ስምምነት 2ኛ አንቀጽ፣ ልጅ በወላጆቹ ማንነት፣ ተግባር ወይም አመለካከት የተነሣ ከሚደርስበት አድልዎና ቅጣት ይጠበቅ ይላል። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጆችን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። ወረቀቱ አለ፤ የጎደለው ወረቀቱን ከክፍሉ በር የሚያስገባ ሰው ነው።

ከዚያስ ተማርን? ጥቅምት 2013 በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በመካከሉ በሁለቱም ወገን የተሰለፉ አባቶችና እናቶች ሞቱ፤ አካላቸውን አጡ። ፊርማው ተኩሱን አቆመ እንጂ ለልጆቹ አስተማሪ አልቀጠረም። እኛ የምንለው ግልጽ ነው፤ በዚያ ጦርነት ወላጁን ያጣ ልጅ መቐለ ይማር ጎንደር፣ አዳማ ይማር ሰመራ፣ አባቱ በየትኛው ምሽግ እንደወደቀ ሳይጠየቅ እኩል ይደገፍ። ይህ አባባል አንዳንዱን ጓዳችንን እንደሚያስቆጣ እናውቃለን። ይቆጣ! ሲበርድለት ግን አንድ ጥያቄ ይመልስልን፤ የ8 ዓመት ልጅ ወገኑ ማን ነው?

አሁን ከሞቱት ወደ ሕያዋኑ እንምጣ። የወታደር ልጅ ችግር ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ዝውውርም ነው። ትእዛዝ በጥር ይመጣል፤ የትምህርት ዘመን ግን በጥር አያልቅም። ባሕር ዳር በአማርኛ ሲማር የነበረ የ4ኛ ክፍል ልጅ ጅጅጋ ወይም ነቀምት ሲደርስ፣ በአቅራቢያው በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል ካላገኘ፣ ቋንቋውም ፊደሉም ይለወጥበታል። ሱማልኛውን ወይም ኦሮምኛውን በላቲኑ ፊደል ማንበብና መጻፍ ከዜሮ መጀመሩ ነው። ከነቀምት ባሕር ዳር የሚዛወረውም ልጅ እንዲሁ በግዕዝ ፊደል ፊት ዳዴ ይላል። በእንግሊዝኛ መማር በአንዱ ክልል ከ7ኛ፣ በሌላው ከ9ኛ ክፍል ይጀመራል። የ8ኛ ክፍል ፈተና በየክልሉ ይዘጋጃል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አንቃወምም፤ ትልቅ ድል ነው። ግን መንግሥት ራሱ እያዘዘ የሚያዛውረውን ልጅ ምን እናድርገው ብሎ ማሰብ የማን ሥራ ነበር?

ይህም ሳያንስ መሸኛ አለ። «ያለ መሸኛ አንመዘግብም!» መሸኛው የቀድሞው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱ 800 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ አባት ግዳጅ ላይ ነው፤ እናት አገሩን አታውቀውም። ልጁ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሞ የደወሉን ድምፅ ይሰማል። ልብ በሉ፣ አባትን «ተዛወር» የሚለው እጅና ልጅን «ተመለስ» የሚለው እጅ የአንድ መንግሥት እጆች ናቸው። ግራው ቀኙን አያውቀውም!

«ድኻ ልጅ ሁሉ ይቸገራል፤ የወታደሩ በምን ይለያል?» የሚሉ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የገበሬው ልጅ፣ የቀን ሠራተኛው ልጅ አይቸገርም አላልንም። የወታደሩን ልጅ ግን ከትምህርቱ የሚነቅለው የመንግሥት ደብዳቤ ነው፤ የነቀለ ይትከል ነው የምንለው። «እነሱን መርዳት ጦርነትን መደገፍ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ደግሞ ስንፍና ነው። ጦርነትን የሚጠላ ሰው፣ ጦርነት ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጅ ሲያፈናቅል ዝም አይልም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? የአሜሪካንን ጦር ሥራ አናደንቅም፤ ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍለ ግዛቶቻቸው ባደረጉት ስምምነት፣ ዛሬ 50ዎቹም በገቡበት፣ የተዛወረ የወታደር ልጅ በእጁ በያዘው ወረቀት ወዲያው ይመዘገባል፤ የቀረው ማስረጃ በኋላ ይመጣል። እንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወታደር ልጅ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ በጀት ትሰጣለች። ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደን? በ1943 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ከ120 በላይ ልጆቹን በዚያ ምድር አጥቷል። ኮሪያውያን ለነዚያ ዘማቾች የልጅ ልጆች ሳይቀር የትምህርት ዕድል ሲሰጡ አይተናል። የባዕድ አገር ያስታወሰውን የኛ መዝገብ ቤት ለምን ይረሳል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

አንደኛ፣ ተዛውሮ የመጣ ልጅ በመጣበት ቀን ክፍል ይግባ። መሸኛውን ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ይጻጻፍበት፤ ልጁ ፖስተኛ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ ለተለወጠበት ልጅ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር የማካካሻ ትምህርት ይሰጥ። እስከዚያው ድረስ ቋንቋ ስላላወቀ «ደካማ» ተብሎ ክፍል አይድገም።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ወላጁ ግዳጅ ላይ ያለውን ተማሪ ይወቅ። ይህን ማወቅ ያለበት ለመሰለል ሳይሆን፣ ልጁ ድንገት ዝም ሲል ምክንያቱ እንዲገባው ነው። አባት ከስንት ወር በኋላ በፈቃድ ሲመጣ አንድ ቀን የቀረን ልጅ ማንበርከክ ይቅር።

አራተኛ፣ ልጁን ለሰልፍ አትጠቀሙበት። በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ አቁማችሁ ስለ አባቱ ሞት ግጥም አታስነብቡት። ሐዘኑ የራሱ ነው።

አምስተኛው ለኛው ነው። በክረምት ወደየአገራችን ስንበተን፣ ብዙዎቻችን በምንገባበት ከተማ ካምፕ አለ። ቁቤ የሚያውቅ ቁቤ፣ የግዕዝ ፊደል የሚያውቅ ፊደል፣ ሱማልኛ የሚችል ሱማልኛ ያስተምር። ሁለት ወር ለአንድ ልጅ ብዙ ነው። «የካምፕ ልጅ» የሚለው ስድብም ከዶርማችን ይውጣ፤ ሕዝብን እናነቃለን የሚል ተማሪ አፉ ውስጥ ሲገኝ ያሳፍራል።

ይህን ጽሑፍ የሚቃወም ጓድ ካለ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንለቅለታለን። አንድ ነገር ብቻ እንለምነዋለን። ሲጽፍ ስለ ልጁ ይጻፍ፤ ስለ አባትየው የሚከራከርበት ካፌው እስከ ማታ ክፍት ነው።